ከመኪናው ፊት የምትቆመው ሬታ

እኔ ውሃ አፍሳሽ ነኝ። ከከተማችን ወጣ ብሎ የጥጥ እርሻው መሃል የመኪና መሮጫ አለን፤ እዚያ ከመነሻው መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ቆሜ አስፋልቱን በጎማ ቧንቧ አርሳለሁ። ሯጩ የኋላ ጎማዎቹን እርጥቡ ላይ ያሳርፍና እስኪጨሱ ድረስ ያሽከረክራቸዋል። ያልሞቀ ጎማ አስፋልት አይነክስም፣ አስፋልት ያልነከሰ ጎማ ደግሞ ሰውን ከነመኪናው ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ሥራዬ ይኸው ነው። ትንሽ ሥራ ነው የሚል ካለ አንድ ቅዳሜ መጥቶ ጢሱን ይቅመስልኝ።

እዚያ ሆኜ የማላየው የሰው ጠባይ የለም። ለፍቅረኛው ሲል ጎማውን ከሚገባው በላይ የሚያጨሰውን አውቃለሁ፤ ውሃው በዛ፣ ውሃው አነሰ እያለ ሽንፈቱን በእኔ ላይ የሚያላክከውንም አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ስሰድበው ደስ ይለኛል። ከሁሉም የማከብራት ግን ሬታን ነው። እሷ ደግሞ ለብዙ ዘመን ከባሏ መኪና ፊት ቆማለች እንጂ አንድም ቀን መሪውን ይዛ አታውቅም ነበር።

ሬታ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት። አጭር ናት፣ ልጅ ሳለች ከፈረስ ወድቃ ግራ ዳሌዋ ስለተጎዳ ትንሽ ታነክሳለች። ልጆቹ ሚስ ሬታ እያሉ ይፈሯታል፤ እኔም ጎረቤቷ ሆኜ እፈራታለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ከባሏ ከጌይለን ጋር ሜዳው ላይ ናት። ሯጭ ጎማውን አሙቆ ወደ ፊት ከተንሸራተተ በኋላ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሲመለስም ጎማው ራሱ ባሰመረው ጥቁር መስመር ላይ በልኩ ማረፍ አለበት፣ ምክንያቱም እንደ ሙጫ የሚይዘው የቀለጠ ጎማ እዚያ ላይ ነው የቀረው። ነጂው ደግሞ መስመሩን አያየውም። ከፊቱ ቆሞ በእጁ የሚመራው ሰው ያስፈልገዋል። ለጌይለን ያ ሰው ሬታ ነበረች። ሌላው እጁን እንደ ንብ አባራሪ ሲያወናጭፍ እሷ ሁለት ጣቷን ብቻ ታጥፋለች፣ መኪናው ቦታው ላይ ቁጭ ይላል።

ጌይለን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋብዛት ምግብ ቤት የሚወስዳት መስሏት አዲስ ነጭ ጫማ አድርጋ ነበር የመጣችው። ረዳቱ ቀርቶበት ኖሮ መሮጫው ላይ ገትሯት፣ "ወደ ኋላ ስመጣ በእጅሽ አሳዪኝ" አላት። ጫማው በጎማ ፍርፋሪ ጠቆረ። "ሰውዬው ይቅርታ ሳይጠይቀኝ አገባኝ" ትላለች እስከ ዛሬ። ይቅርታ መጠየቅ አያውቅበትማ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጌይለን ሦስተኛቸው ነው።

ዕድሜውን የፈጀው የአውራጃውን የገጠር መንገድ በግሬደር ሲጠርግ ነው። ዓይኑ ሲደክም ባንድ ጊዜ አልጠፋም፤ የጠቆረው መሃሉ ነው። ዳር ዳሩን ያያል፤ አጠገቡ የቆመ ሰው ትከሻውና ጫማው ይታየዋል፣ ፊቱ ግን የለም። ግሬደሩን አስረከበ፣ የመንጃ ፈቃዱን መለሰ፣ መኪናዋን ጎተራ ውስጥ አስገብቶ ሸራ አለበሳት። ከዚያ ወጥ ቤት ሬዲዮው አጠገብ ተቀመጠና በዚያው ቀረ። መቆጣት እንኳ ተወ። ጌይለን ማለት ቡና ቀጠነ ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚያኮርፍ ሰው ነበር። አሁን ሬታ ሆን ብላ አቅጥና ብትሰጠው "ጥሩ ነው" ብሎ ይጠጣል።

አንድ ቀን አጥር ላይ ተደግፋ፣ "ሆይት፣ ባሌ እየሞተብኝ ነው" አለችኝ። "ሐኪሙ ግን ልቡ የበሬ ልብ ነው ይለኛል።"

ያን ሰሞን የጌይለን ታናሽ ወንድም ዊንፈርድ መጣ። ዊንፈርድ ራሱም ሯጭ ነው፣ ክፉ ሰውም አይደለም፤ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ስትዝግ ማየት ስላልሆነለት ነው። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ሬታ ቦሎኛ የሚሉትን ቋሊማ እየጠበሰች ነበርና እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም።

"ሽጥልኝ፣ ወንድም ዓለም" አለ ዊንፈርድ። "እዚያው ሜዳ ላይ ታያታለህ... ማለቴ፣ ትሰማታለህ።"

"ውሰዳት" አለ ጌይለን። ክርክር የለ፣ ቁጣ የለ።

ሬታ ቦሎኛውን ገለበጠች። "ማንም አይወስዳትም። እኔ እነዳታለሁ።"

ዊንፈርድ ሳቀ። "አንቺ? ልጆቹን የት ልታወርጂያቸው ነው?"

"አንተን መጀመሪያ አወርድሃለሁ።"

ጌይለን ግን አልሳቀም። "ዳሌሽስ? በግራ እግር ፍሬን ይዘሽ በቀኝ ነዳጅ መስጠት አትችዪም። ጎማውን ሳታሞቂ ከሄድሽ የሚቀበልሽ ግድግዳው ነው።"

"ማገቻ እናስገባላታለን።"

ማገቻ የምንለው ላይን ሎክ የሚባለውን ነው፤ በጡጫ የሚጨበጥ የነሐስ ቫልቭ። ወደ ፊት ጎማዎች ፍሬን በሚሄደው ቧንቧ መሃል ይገባል። ፔዳሉን ረግጠህ ማርሹ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫን ቫልቩ በኤሌክትሪክ ይዘጋና ግፊቱን የፊት ፍሬን ውስጥ ያስቀረዋል። እግርህን ብታነሳም ፊቱ ታስሮ ይቆያል፤ የኋላው ነጻ ነው፣ እንደልብህ ታሽከረክረዋለህ። ጌይለን ዕድሜውን ሙሉ "የሰነፍ ፍሬን" እያለ ሲሰድበው የኖረ ነገር ነው።

ጌይለን የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰ። በመጨረሻ፣ "እሺ። ሜዳው በሚከፈትበት ቅዳሜ ጎማውን በደንብ አቃጥለሽ ቀጥ ብለሽ ከሄድሽ መኪናዋ ትቀራለች። ካልሆነ ዊንፈርድ ተሳቢውን ይዞ ይምጣና እዚያው ጭኗት ይሂድ። ሚስቴን ለግድግዳ አልሰጥም" አለ። ከዊንፈርድ ጋር ተጨባበጡ። እኛ ዘንድ ከእጅ ለእጅ ወዲያ ውል የለም።

ስወጣ በር ላይ ይዣት፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ፍጥነት ትወጃለሽ እንዴ?" አልኳት።

"ከአውቶቡስ ፍጥነት ካለፍኩ ሆዴ ይገለበጣል።"

"ታዲያ ምን አስገባሽ?"

"ከዚያ ወንበር ሊያስነሳው የሚችል ነገር ያቺ መኪና ብቻ ናት። እሷ ተጭና ከሄደች ሰውዬዬም አብሮ ሄደ።" ይህን ስትል ዓይኗ አልረጠበም፤ የእኔ ግን ረጠበ፣ አልዋሽም።

ሥራው የተሠራው ጎተራቸው ውስጥ ነው። እሷ ከኮፈኑ ሥር፣ እሱ አጠገቧ በርጩማ ላይ፤ እኔ ደግሞ ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬ በረዶ የገባበት ጣፋጭ ሻያቸውን እጠጣለሁ። ጌይለን ሽቦውን ሁሉ በጣቱ እየዳሰሰ ነበር የሚያዘው። "ኤሌክትሪኩን መኪናዋ ስትነሳ ብቻ ከሚመጣበት ቦታ ውሰጂ። መሃሉ ላይ ፊውዝ አስገቢ፣ ያለ ፊውዝ ሽቦ እሳት ነው። ሽቦው ብረቱን በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ላስቲክ አድርጊበት፣ ስለቱ ይበላዋል።" ማሳ የሚሏትን፣ ከመኪናዋ ብረት ጋር የምትታሰረውን ሽቦ፣ ሬታ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ልታስራት ስትል በጥፍሩ ዳሰሰና፣ "ቀለም ላይ ማሳ የለም፣ ፋቂው!" አለ። ፋቀችው።

ለቁልፏ ሁለት ዓይነት ገዝታ ነበር። አንዷ ከተጫነች ተጭና የምትቀር ናት። ጌይለን ጠቅ አድርጎ ሰማትና ወደ በሩ ወረወራት። "ይቺ ትገድልሻለች። ጣትሽ ሲነሳ ፍሬኑም መልቀቅ አለበት። ረስተሻት ብትነሺስ?" ስትወረወር ባልዲዬን መታችኝ፤ ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ወደ ቧንቧው መጡ። የፍሬኑ ዋና ፓምፕ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ካንዱ የሚወጣው ቧንቧ ለፊት ጎማዎች፣ ከሌላው የሚወጣው ለኋላዎቹ ነው። ሬታ መቁረጫውን ይዛ፣ "የትኛው ነው?" አለች።

"የፊተኛው ቀዳዳ ለፊት፣ የኋለኛው ለኋላ።"

ሬታ አጎንብሳ አየች። "ይቺ የፊተኛዋ ቧንቧ ታጥፋ ወደ ኋላ የምትሄድ መሰለኝ እኮ።"

"አንቺ!" ጌይለን ከበርጩማው ተነሳ። "ይቺን መኪና ያሰርኳት እኔ ነኝ! እያንዳንዷን ብሎን! አንቺ አውቶቡስሽን ንጂ! የፊተኛው ለፊት ነው ካልኩ ለፊት ነው! ዓይኔ ጠፋ እንጂ ጭንቅላቴ ጠፋ ተባልሽ?"

የጎተራው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። እኔ ሻዬ ትን አለኝ። ሬታ ቀና ብላ አየችው፣ ደም ሥሩ ተገትሯል፣ ጉንጩ ቀልቷል። ከዚያ አንድ ቃል ሳትመልስ አጎነበሰችና የፊተኛዋን ቧንቧ ቆረጠች፣ ማገቻውንም እዚያው አሰረችው።

በኋላ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት። "ከስንት ጊዜ በኋላ ጮኸ፣ ሆይት። ጌይለን እኮ ጮኸብኝ! ለአንዲት ቧንቧ ብዬ ላጠፋው ነበር?" አለችኝ። የሚያስቆጣት ባል የናፈቃት ሴት እሷን ብቻ ነው የማውቀው።

ቧንቧ ከተነካ አየር ይገባል፤ አየር የገባበት ፍሬን ደግሞ ፔዳሉ ስፖንጅ ነው። ስለዚህ ጌይለን ወንበሩ ላይ ወጥቶ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሬታ ጎማው ሥር ተኝታ ብሎኗን እየከፈተች አየሩን ታስወጣለች። ከሠርግ ይልቅ ጋብቻ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

"ርገጥ!"

"ረግጫለሁ።"

"ያዝ!"

"ይዣለሁ።"

"እንዴ፣ ለቀቅከው እኮ! አየሩን መልሰህ አስገባኸው!"

"አልለቀቅሁም፣ አንቺ ነሽ ሳልል የዘጋሽው!"

"ሁለታችሁም ዝም በሉና አንዴ ተስማሙ" ብል በአንድ ድምፅ፣ "አንተ ሻይህን ጠጣ!" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ተስማምተው ጨረሱ።

መሞከር ቀረ። የቤታቸው መግቢያ ቁልቁለት ነው። መኪናዋን እዚያ ላይ አቆሟት፤ ሬታ ፔዳሉን ረገጠች፣ ቁልፏን ተጫነች፣ ኮፈኑ ሥር ጠቅ አለ፣ እግሯን አነሳች። መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም። ጣቷን ስታነሳ ቁልቁል መንከባለል ጀመረች። ጌይለን እጁን አጨበጨበ። "ያዘ! ያዘ!" እኔም አጨበጨብኩ። ሦስት ሰው ቆመን አንዳችንም የያዘው የትኛው ጎማ ነው ብለን አልጠየቅንም። ቁልቁለት ላይ የቆመ መኪና በፊትም ታሰረ በኋላ ያው ቆሞ ነው የሚታየው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ዊንፈርድ ባዶ ተሳቢውን እየጎተተ መጣና አጥሩ ጥግ አቆመው፤ ዓይኑን ከሬታ እያሸሸ ሰላም አለን። ጌይለን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። "ከመኪናዋ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ" አለ።

መኪኖቹን ከመስመሩ የሚያስነሳው ሰው ጮኸ። "ዓይነ ስውር መኪና ፊት ይቁም? አበዳችሁ?"

"ዳር ዳሩን አያለሁ" አለ ጌይለን።

"እኔ በቀበቶው እይዘዋለሁ" አልኩ። "ቀኝ፣ ግራ የምለው እኔ ነኝ፤ እጁን የሚያሳያት እሱ።" ውሃውን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ከኋላው ቆምኩ። አስነሺው አንገቱን ነቀነቀ፣ ግን እንቢ አላለም። ያ ቦታ የማን እንደሆነ እሱም ያውቃል።

የልምምድ ሩጫው ነበር። ሬታ የኋላ ጎማዎቿን ውሃው ላይ አሳረፈች። ሄልሜቱ ውስጥ ዓይኗ ብቻ ይታያል፣ ያም ዓይን ፈርቷል። አጥሩ ላይ ከተደገፉት አንዱ፣ "ሚስ ሬታ! የማቆሚያ ምልክቱን ያውጡ እንጂ!" ብሎ ጮኸ፣ ሰው ሳቀ። በልጅነቱ በአውቶቡሷ ያመላለሰችው ነው።

ፔዳሉን ረገጠች። ቁልፏን ተጫነች። እግሯን አነሳችና ነዳጅ ሰጠች።

ሞተሩ አገሳ፣ መኪናዋ ግን አላጨሰችም። ወገቧን ሰብራ አቃሰተች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ እንደ ደነበረ በቅሎ ከውሃው ዘላ ወደ እኛ መጣች። ጌይለንን በቀበቶው ወደ ጎን ሳብኩት፣ ሁለታችንም በቂጣችን ተቀመጥን። መኪናዋ ካጠገባችን ስትደርስ ሞተሯ ጠፋ።

መጀመሪያ የመኪና ጡሩንባ፣ ቀጥሎ ሳቅ። "ፌርማታው አልፎዎታል!" የሚል ነበር። ሬታ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ቀርታለች። ስትወርድ ያየችው ጌይለንን ብቻ ነው። ልገድለው ነበር የሚለው ፊቷ ላይ ተጽፏል። አጥሩ ጥግ ዊንፈርድ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል፤ ደስ ያለው ሰው አይመስልም።

ጌይለን መሬት ላይ እንደተቀመጠ ክንዴን ያዘኝ። "የፊቱ ጎማ ተንከባለለ?"

"ተንከባለለ።"

"የኋላውስ?"

"ያቃሰተው እሱ ነው። ታስሮ ነበር።"

ክንዴን ሳይለቅ፣ "ወደ መኪናዋ ውሰደኝ" አለ።

ገፍተን ዳር አወጣናት፣ ዊንፈርድ ኮፈኑን ከፈተ። ጌይለን እጁን ወደ ፓምፑ ሰደደና የፊተኛውን ቀዳዳ አገኘ። ከዚያ ቧንቧውን በጣቱ ተከተለው፤ ማገቻውን አለፈ፣ ታጠፈ፣ ወደ ታች ወረደ። በጎኑ ተንጋሎ መኪናዋ ሥር ክንዱን አስገባ። ቧንቧው ወደ ኋላ ነበር የሚሄደው። እኛ ቆመን እናየዋለን፣ እሱ ደግሞ ደጋግሞ ይዳስሰዋል፣ ቧንቧው መንገዱን እንዲቀይርለት የሚለምን ይመስል ነበር።

ሲነሳ ፊቱ አመድ ነበር። "የድሮው ፓምፕ ነበር የፊተኛው ለፊት። እሱ ሲያፈስ ከወዳደቀ መኪና ፈትቼ ሌላ አስገባሁላት፣ ዓይኔ መድከም የጀመረ ክረምት። የዚህኛው ይገለበጣል። ራሴ ነኝ ያሰርኩት፣ ራሴ ነኝ የረሳሁት።" ድምፁን ከፍ አደረገ፤ አጥሩ ላይ ያሉት እንዲሰሙት ነው። "ሬታ ነግራኛለች! ወደ ኋላ ነው የምትሄደው ብላኛለች፣ እኔ ጮኼ ዝም አሰኘኋት! ስህተቱ የእኔ ነው። ይቅርታ፣ ሬታ።"

ሳቁ ቆመ። በዚያ ሜዳ ጌይለን ይህን ቃል ሲያወጣ የሰማ ሰው አልነበረም። ሬታ "ነግሬህ ነበር" ማለት ትችል ነበር። እኔ ብሆን እልም ነበር፣ አንድ ዓመት ሙሉ እልም ነበር። እሷ ግን ከሸሚዙ ላይ አቧራውን አራገፈችለት።

ጌይለን ወደ ወንድሙ ዞረ። "ቃል ቃል ነው፣ ዊንፈርድ። ቅዳሜ ብያለሁ፣ አልሆነም።"

ዊንፈርድ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ። "ተገልብጦ በታሰረ ፍሬን ነው እንዴ የሚፈረደው? ገና አንድ ልምምድ አለ። አርፈህ ፔዳሉ ላይ ውጣ" አለና የፍሬን ዘይት ሊያመጣ ወደ መኪናው ሮጠ። ሜዳችን እንዲህ ነው፤ ሊያሸንፍህ የመጣ ሰው መፍቻውን ሳያበድርህ አያሸንፍህም። ቧንቧ ያለው ቧንቧ፣ መቁረጫ ያለው መቁረጫ ይዞ መጣ። ያ አጥሩ ላይ ሲጮህ የነበረው ሰውዬ ሳይቀር የተጠበሰ ድንች እየበላ ክሪክ ተሸክሞ ደረሰ። "ሚስ ሬታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አላት። "ድንቹን አስቀምጥና አንሳልኝ" አለችው።

ማገቻውን ወደ ሌላው ቧንቧ አዛወሩት። ዊንፈርድ ሸሚዙን ሳያወልቅ መኪናዋ ሥር ገባና አየሩን አስወጣ፤ ልቡ የተመኛትን መኪና እንዳያገኛት በገዛ እጁ ሠራት። ጌይለን በዚህ ጊዜ ቁልቁለት አልፈለገም። የፊቱን ጎማዎች በክሪክ አስነሳ፣ ሬታ ረግጣ ቁልፏን ስትጫን ጎማውን በሁለት እጁ ታገለው። አልዞርም አለው። "ልቀቂ!" ሲላት ዞረ። ወደ ኋላ ሄዶ ደግሞ የኋላዎቹን አስነሳ፣ ቁልፏ ተጭና ሳለች ነጻ መሆናቸውን ዳሰሰ። ከዚያ ነው በቃ ያለው።

የመጨረሻው የልምምድ ጥሪ ሲሰማ እንደገና ፊቷ ቆምን። ቀበቶውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት፤ ቂጤ አሁንም ያመኛል። ሬታ ውሃው ላይ አረፈች። ማንም አልጮኸም።

ሞተሩ አገሳ፣ የኋላ ጎማዎቹ ዞሩ፣ ፊቷ እንደ ተቸነከረ ቆመ። ጢሱ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ ከዚያ ሰማዩን ሞላው፤ መኪናዋም ሬታም ጠፉ። ጌይለን አፉን ከፍቶ ይስበው ነበር። "ሆይት፣ ምን ይመስላል?" አለኝ። "አይታይም፣ ሁሉም ነጭ ነው" አልኩት። "እኔም የማየው እሱን ነው" ብሎ ሳቀ፤ ሳቁን ከረሳሁት ቆይቼ ነበር።

ጣቷን አነሳች፣ ከጢሱ ውስጥ ቀጥ ብላ ወደ ፊት ወጣች። ስትመለስ በጆሮው "ትንሽ ቀኝ... በቃ... ቀጥ" እላለሁ፣ እሱ በእጁ ያሳያታል። ቀኝና ግራው ተደባልቆብኝ አንዴ ተሳሳትኩ፤ ሬታ ግን እኔን ሳይሆን የእሱን እጅ እያየች መስመሯ ላይ ቁጭ አለች። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሄደች። ዓይኔን ከመኪናዋ አልነቀልኩም፤ ቀጥ ብላ፣ ግድግዳውን ሳታይ፣ እስከ መጨረሻው ቀጥ ብላ።

ስትመለስ ሄልሜቷን አወለቀች። ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል፣ ትንፋሿ አልተመለሰም። ዊንፈርድ እጁን ዘረጋላት፣ "እንግዲህ ተሳቢዬ ባዶውን ይመለሳል" አለ።

"ቆይ" አለ ጌይለን። ክንዷን ዳስሶ ያዘ። "ሬታ፣ ፍጥነት እንደምትፈሪ አውቃለሁ። ዛሬ ጠዋት እንዳስመለሰሽ ሰምቻለሁ፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ይህን ሁሉ ያደረግሽው እኔን ከወንበር ለማስነሳት ነው። ተነስቻለሁ። ካሁን በኋላ ለእኔ ብለሽ አትግቢ። ዊንፈርድ ይውሰዳት፤ እኔም ተመልሼ እዚያ ወንበር ላይ አልሞትም፣ ቃሌ ነው።"

ደግ ንግግር ነበር፤ ከእሱ አፍ የሰማሁት ረጅሙ ደግ ንግግር። ዊንፈርድ መሬት መሬት ያያል። እኔ በቃ አለቀ፣ ትስማማለች ብዬ ነበር።

"ጨረስክ?" አለችው።

"ጨረስኩ።"

"ለአንተ ብዬ ነው የገባሁት፣ እውነትህን ነው። ውሃው ላይ ስቆም ስላንተ ነበር የማስበው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆንም ስላንተ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን..." ቆም አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ለባሏ ስታዝን ያልረጠበው ዓይን። "ከዚያ በኋላ ትዝም አላልከኝ፣ ጌይለን። ዳሌዬ ትዝ አላለኝም፣ አንተ ትዝ አላልከኝም፣ ምንም። መኪናዋን ማንም እንዳይነካት።"

ባሏ ላይ እንዲህ ያለ ቃል የምትናገር ሴት ሌላ ቦታ ትዳሯን ታፈርስ ይሆናል። ጌይለን ግን ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረና በሸሚዙ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ፤ ከዚያ ወዲህም ከዚያ በፊትም ያን ያህል ደስ ብሎት አላየሁትም። "እንግዲያው ኮፈኑን ክፈቱት" አለን። "የውድድሩ ዙር ሳይጀመር ሞተሩ ይብረድላት።"